ወረቀት ላይ ይቆጠራል፦ እርሳስ አልባ የሾትጋን ጥይትና የቾክ ፍተሻ

ዳክዬ አዳኝ አዲስ ጥይት ሲገዛ ካርቶኑ ብዙ ነገር ይነግረዋል፤ የፍሬውን ዓይነት፣ ቁጥሩን፣ ክብደቱን፣ ፍጥነቱን። ጥይቱ ከእሱ ጠመንጃ ወጥቶ 40 ያርድ፣ ማለትም 36.6 ሜትር ሲደርስ እንዴት እንደሚበተን ግን አይነግረውም። ይህን ለማወቅ ሰፊ ወረቀት መስቀል፣ መተኮስና ቀዳዳ መቁጠር ግድ ይላል። በእርሳስ ዘመን ብዙ አዳኝ ይህን ሥራ በልምድና በግምት ያልፈው ነበር። ብረት፣ ቢስመዝና ተንግስተን የእርሳስን ቦታ ከያዙ ወዲህ ግን የድሮው ግምት አያዋጣም።

ሾትጋን አንድ እርሳስ ብቻ የሚተፋ ጠመንጃ አይደለም። ቀለሁ ውስጥ ከታች ባሩድ፣ ከባሩዱ በላይ የፕላስቲክ ማቀፊያ፣ በማቀፊያው ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመቶ የሚበልጡ ድቡልቡል ፍሬዎች አሉ። ቃታው ሲሳብ ፍሬዎቹ ተያይዘው ይወጡና በራቁ ቁጥር ይበተናሉ። ብተናውን የሚገራው ቾክ ነው፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለ ጥበት። የ12 ጌጅ ሾትጋን የቱቦው ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር የተባለው ቾክ ይህን በሩብ ሚሊ ሜትር፣ ሞዲፋይድ በግማሽ፣ ፉል ደግሞ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር በሚጠጋ መጠን ያጠበዋል። ሲሊንደር የሚባለው ምንም ጥበት የለውም። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ሾትጋኖች ላይ ቾኩ ተጠምዝዞ የሚገባና የሚወጣ አጭር ቱቦ ስለሆነ መለዋወጡ የደቂቃ ሥራ ነው።

አዳኞች ለረጅም ጊዜ የሚመሩበት አንድ መለኪያ ነበር። 40 ያርድ ላይ፣ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ፣ ሲሊንደር ከፍሬዎቹ 40 በመቶውን፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 50፣ ሞዲፋይድ 60፣ ፉል 70 በመቶውን ያስገባል ይባላል። መለኪያው የወጣው ግን ለእርሳስ ነው።

እርሳስ ለምን ተባረረ? ዳክዬና ዝይ ምግባቸውን በጨጓራቸው የሚፈጩት በጠጠር ነው። ከውኃ ዳር ጠጠር ሲለቅሙ አዳኝ የበተነውን የእርሳስ ፍሬም አብረው ይውጣሉ፤ ፍሬው በጨጓራ ይፈጫል፣ በአሲዱ ይሟሟል፣ መርዙም ከደም ጋር ይዋሃዳል። የተመረዘውን ዳክዬ የበላ ንስርም አይተርፍም። ፍራንክ ቤልሮዝ የተባሉት አሜሪካዊ የወፍ ተመራማሪ በ1959 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን አሜሪካ ካሉት የውኃ ወፎች በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት በዚህ መርዝ እንደሚያልቁ ገምተዋል። አሜሪካ በ1991 ለውኃ ወፍ አደን የእርሳስ ፍሬን በመላ አገሪቱ ከለከለች። ዴንማርክ በ1996 ለማንኛውም አደን አገደችው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ በረግረጋማ ቦታዎችና በዙሪያቸው ከልክሏል። ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ዝዋይና ጣና ላይ ከሚያርፉት ዳክዬዎች መካከል መንገዳቸው በእነዚህ ረግረጎች በኩል የሆነ አሉ።

ምትኮቹ ከእርሳስ ጋር አይመሳሰሉም። አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር እርሳስ 11.3 ግራም ሲመዝን፣ ብረት 7.9፣ ከቆርቆሮ ጋር የተቀላቀለ ቢስመዝ ከ9.6 እስከ 9.8፣ ከባዱ የተንግስተን ቅይጥ ደግሞ 18 ግራም ይመዝናል። ብረት ቀላል በመሆኑ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል፤ ስለዚህ በእርሳስ 4 ቁጥር ይተኩስ የነበረ አዳኝ በብረት 2 ቁጥር እንዲይዝ ይመከራል። ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል፦ 4 ቁጥር 3.3 ሚሊ ሜትር፣ 2 ቁጥር 3.8 ሚሊ ሜትር ነው።

በቾክ ረገድ ዋናው ልዩነት ጥንካሬ ነው። እርሳስ ለስላሳ በመሆኑ በፍንዳታው ግፊትና በቾኩ ጥበት ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀውም ፍሬ ከመስመሩ ይወጣል። ብረት ግን ድቡልቡል እንደሆነ ይበራል። በዚህ ምክንያት ብረት በሞዲፋይድ ቾክ ብዙ ጊዜ እርሳስ በፉል ይሰጠው የነበረውን ያህል ጠበቅ ያለ ብተና ይሰጣል። ትልልቅ የብረት ፍሬዎችን በጠባብ ቾክ ማሳለፍ ብተናውን ሊያበላሽ፣ አፈሙዙንም ሊያሳብጥ ይችላል። የጦር መሣሪያ ደኅንነትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ሲ.አይ.ፒ. ከ4 ሚሊ ሜትር ለሚበልጥ የብረት ፍሬ የቾኩ ጥበት ከግማሽ ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ የሚያዘው ለዚህ ነው። ቢስመዝ ለስለስ ስለሚል ለቆዩ ጠመንጃዎች ይስማማል፤ ዋጋው ግን ከብረት በብዙ ይበልጣል። ተንግስተን ደግሞ ከሁሉም ይወደዳል።

ፍተሻው እንዲህ ነው። በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ፣ በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል ከአንድ ሜትር ከሃያ የማያንስ ወረቀት ይወጠርና መሐሉ ላይ ነጥብ ይደረግበታል። ቀደም ሲል ኖራ የተቀባ የብረት ሰሌዳ ይጠቀሙ ነበር፤ የብረት ፍሬ ግን ሰሌዳው ላይ ነጥሮ ወደ ተኳሹ ስለሚመለስ ያንን መሞከር አደጋ ነው። መነጽርና የጆሮ መከላከያም ያስፈልጋል። ተኳሹ ጠመንጃውን አስደግፎ ነጥቡን ይተኩሳል፤ ለእያንዳንዱ ተኩስ ወረቀቱ ይቀየራል፣ ጥይቱ፣ ቾኩና ርቀቱም ጥጉ ላይ ይጻፋል። 76 ሴንቲ ሜትሩ ክብ የሚሰመረው ከተኩሱ በኋላ፣ ቀዳዳው በበዛበት አካባቢ ነው። የክቡ መሐል ከነጥቡ በብዙ ከራቀ ጠመንጃው ራሱ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይመታል ማለት ነው። አንድ ተኩስ ከሌላው ስለሚለያይ በአንድ ቾክና በአንድ ጥይት ቢያንስ አምስት ጊዜ ተኩሶ አማካዩን መውሰድ ይገባል።

ቆጠራው ምን ይላል? 32 ግራም ባለ 2 ቁጥር የብረት ጥይት ውስጥ 140 ገደማ ፍሬ አለ። በእርሳስ አልባ ጥይት ላይ ለብዙ ዓመታት ምርምር ያደረጉት ቶም ሮስተር፣ ማላርድን የመሰለ ትልቅ ዳክዬ በአስተማማኝ ሁኔታ ለመጣል ክቡ ውስጥ ከ85 እስከ 90 ፍሬ እንደሚያስፈልግ ይመክራሉ። 60 በመቶ የሚያስገባ ቾክ 84 ፍሬ ብቻ ይሰጣል፤ ለጥቂት አይሞላም። 70 በመቶ የሚያስገባው 98 በመስጠት ይበቃል። አዳኙ ወይ ቾክ ይቀይራል፣ ወይ ሌላ ጥይት ይሞክራል፣ ወይ ርቀቱን ያሳጥራል። ከድምሩ ሌላ ክፍተቱም ይታያል፤ ቀዳዳዎቹ አንድ ጥግ ላይ ታጭቀው ሌላው ጋ ዳክዬ የሚያሾልክ ባዶ ቦታ ከተዉ፣ በቁጥር ያለፈው ጥይት በተግባር ይወድቃል።

ወረቀት የማያሳየውም አለ። ፍሬዎቹ ዒላማው ላይ የሚደርሱት እኩል ሳይሆን ተከታትለው ነው። የሂዩስተን ክሮኒክል ጋዜጣ የአደን ዓምድ አዘጋጅ የነበሩት ቦብ ብሪስተር ይህን ለማየት ረጅም ወረቀት የለበሰ ተጎታች በመኪና እንዲሳብ አድርገው፣ ባለቤታቸው እየነዱ እሳቸው ተጎታቹን ይተኩሱ ነበር። ውጤቱን በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ አስፍረውታል። እንዲህ ያለው ሙከራ ግን ለተራ አዳኝ የሚሆን አይደለም፤ የቆመው ወረቀት ይበቃዋል።

ከአገር ውጭ የአደን ፈቃድ አውጥታችሁ ለምትወጡ አንባቢዎች ምክራችን አጭር ነው። ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት ጥቂት ጥይት ለወረቀት ሠዉ፤ ጥይቱ ወይም ቾኩ በተቀየረ ቁጥርም ድገሙት። ቆጠራው ያልፈቀደላችሁን ርቀት አትተኩሱ፤ ቆስላ የምታመልጥ ዳክዬ ለአዳኙም ለሐይቁም ኪሳራ ናት።