ገመድ አልባ የቤት ጠባቂ ካሜራ እንዴት ይመረጣል?

የሰው ልጅ ቤት መሥራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ቤቱን የሚጠብቅለት ነገር ሳይፈልግ የኖረበት ዘመን የለም። አጥር ያጥራል፤ ውሻ ያሳድራል፤ አቅም ያለውም ዘበኛ ይቀጥራል። የእነዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ነው፤ ይኸውም ባለቤቱ ከቤት ሲወጣ ወይም ሲተኛ በእርሱ ፈንታ ነቅቶ ማየትና ድምፅ ማሰማት ነው። ዛሬ ደግሞ በዚህ ሥራ ላይ ገመድ አልባ ካሜራ ተጨምሯል። በአዲስ አበባ በየሱቁ ይሸጣል፤ በውጭ አገር የሚኖር ዘመድም አንዳንድ ጊዜ ገዝቶ ይልከዋል።

ነገር ግን ውሻና ዘበኛ የሚታዘዙት ለማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ካሜራ ግን ለማን እንደሚታዘዝ በላዩ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ካሜራ የሚገዛ ሰው ስለ ሥዕሉ ጥራት ከመጠየቁ በፊት ሁለት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል። አንደኛው፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ይህ ዓይን ነቅቶ ይቆያል ወይ? ሁለተኛው፣ ያየውን ነገር ለማን ይነግራል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለአንባብያን ማብራራት ነው። የውጭ አገር ነገር በተነሣበት ስፍራ ሁሉ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የሐሳቡ አመጣጥ

ቤትን በካሜራ መጠበቅ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ በኩዊንስ ይኖሩ የነበሩ ወይዘሮ ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን የተባሉ ነርስ፣ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ስለሚሆኑና ፖሊስም ቢጠሩት ቶሎ ስለማይደርስላቸው፣ ከባለቤታቸው ከአልበርት ብራውን ጋር ሆነው አንድ መሣሪያ አሰቡ። በበሩ ላይ ከፍና ዝቅ ያሉ አራት ቀዳዳዎች ነበሩት፤ ካሜራው በእነዚህ ቀዳዳዎች እየተዘዋወረ በደጅ የቆመውን ሰው በመኝታ ቤት ባለ ቴሌቪዥን ላይ ያሳያል፤ ደጁንም ከአልጋ ሳይነሡ በአዝራር መክፈት ይቻል ነበር። በ1966 አመለከቱ፤ በ1969 የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የወይዘሮ ሜሪ ካሜራ ያየውን የሚያሳየው ለቤቱ ባለቤት ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ካሜራዎች ሥዕሉን ከግቢያችን አውጥተው ባሕር ማዶ ወደሚገኝ የኩባንያ ማከማቻ ከሰደዱ በኋላ ነው መልሰው ወደ ስልካችን የሚያመጡት።

ስማርት ሆም ምንድን ነው?

ስማርት ሆም የሚባለው የቤቱ ዕቃዎች፣ ማለት አምፖሉ፣ የበሩ ቁልፍ፣ ደወሉና ካሜራው፣ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትና ባለቤቱ ከአንድ ስልክ የሚያዝዛቸው ሥርዓት ነው። ከታወቁት መካከል የአማዞን አሌክሳ፣ ጉግል ሆም፣ አፕል ሆም፣ የሳምሰንግ ስማርትቲንግስ፣ እንዲሁም ማንም ሰው በነጻ ወስዶ በራሱ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ የሚጭነው ሆም አሲስታንት ይገኛሉ። ጥቅሙ እንዲህ ነው። ሌሊት ሰው በአጥሩ ጥግ ብቅ ሲል ካሜራው አይቶ ለሥርዓቱ ይነግራል፤ ሥርዓቱም የበረንዳውን መብራት ያበራል፤ የቤተ ሰቡንም ስልክ ያስጮኻል።

ሆኖም በካርቶኑ ላይ «ከአሌክሳ ጋር ይሠራል» የሚል ጽሕፈት ስላየን ብቻ ይህ ሁሉ ይገኛል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ካሜራ ከሥርዓቱ ጋር ያለው ግንኙነት ሥዕሉን በቀጥታ ማሳየት ብቻ ነው፤ ሰው ሲያይ መብራት እንዲበራ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ሻጩን «ይሠራል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «እንቅስቃሴ ሲያይ ሌላውን ዕቃ ያዝዛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የልዩ ልዩ ፋብሪካዎችን ዕቃ ለማግባባት የወጡ ደንቦችም አሉ። ኦንቪፍ የተባለው የካሜራ ደንብ ማኅበር በ2008 ተመሠረተ። ማተር የተባለው የስማርት ሆም ደንብ ደግሞ በ2022 ሲወጣ ካሜራን አያካትትም ነበር፤ ካሜራ የተጨመረበት በኅዳር 2025 በወጣው በ1.5ኛው እትም ነው። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የማተር ምልክት ቢኖርም የትኛው እትም እንደ ሆነ መመልከት ያስፈልጋል። ኦንቪፍን ወይም አር ቲ ኤስ ፒ የሚባለውን የሥዕል መላኪያ ደንብ የሚቀበል ካሜራ ግን ፋብሪካው ቢዘጋ እንኳ ከሌላ መቅጃ ጋር ሊሠራ ይችላልና የተመረጠ ነው።

1ኛ፤ ስለ መብራት

«ገመድ አልባ» ማለት ሥዕሉን በሬዲዮ ሞገድ ይልካል ማለት ነው እንጂ ኤሌክትሪክ አይፈልግም ማለት አይደለም። ካሜራዎቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከግድግዳ ሶኬት ኃይል እየወሰደ ሌሊትና ቀን የሚነቃ ነው። ሁለተኛው ባትሪ ያለው ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፤ የሰው ገላ የሚያወጣውን የሙቀት ጨረር ሲያገኝ ብቻ ይነቃል። ይህ ኃይል ይቈጥባል፤ ነገር ግን እስኪነቃ ድረስ የመጀመሪያው ቅጽበት ሊያመልጠው ይችላል። በፀሐይ የሚሞላውም ቢሆን በሐምሌና በነሐሴ ደመና ጊዜ የሚያገኘው ብርሃን ያንሳል።

መብራት በሚጠፋበት ከተማ ዋናው ነገር ካሜራው ብቻ አይደለም፤ ዋይፋይ የሚሰጠው ራውተርም አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ካሜራው ባትሪ ቢኖረውም ወደ ስልክ መልእክት መላክ አይችልም። መድኃኒቱን በክፍል ከተማርነው ፊዚክስ እናገኘዋለን። ራውተሩ 10 ዋት፣ ካሜራው 5 ዋት ቢወስድ በጠቅላላው 15 ዋት ነው። ለ8 ሰዓት ሌሊት 15 ሲባዛ በ8፣ 120 ዋት ሰዓት ይሆናል። 12 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በወረቀት ላይ በትክክል 120 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ነገር ግን በመንገድ የሚባክን ኃይል ስላለ ከዚያ ከፍ ያለ መግዛት ይገባል። ከዚህም በቀር ካሜራው በውስጡ ሚሞሪ ካርድ የሚይዝ ይሁን፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም የራሱ ኃይል እስካለው ድረስ የሚያየውን መመዝገቡን ይቀጥላልና።

2ኛ፤ ስለ ሞገዱ

ብዙ ካሜራዎች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ ከ5 ጊጋኸርዝ ይልቅ ግድግዳን ያልፋል፤ ርቆም ይሄዳል። ይሁን እንጂ የብረት በርና የቆርቆሮ አጥር ሞገድን ይመልሳሉ። ስለዚህ ካሜራውን ከመግዛት በፊት ስልክ ይዞ ካሜራው ሊሰቀል በታሰበበት ስፍራ መቆም፣ በሩንም ዘግቶ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ መታየቱን መፈተን ነው። ይህ ፈተና ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

3ኛ፤ ስለ ሥዕሉ ጥራት

ሻጮች አብዝተው የሚያሞግሱት የፒክስሉን ብዛት ነው። እኛ ግን ፒክስሉ በምን ያህል ስፋት ላይ እንደሚበተን እንጠይቅ። ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው የአውሮፓ የካሜራ ደንብ መሠረት ከዚህ በፊት የምናውቀውን ሰው ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 125 ፒክስል፣ የማናውቀውን ሰው ማንነት ለማረጋገጥ ደግሞ 250 ፒክስል ያስፈልጋል። አሁን በአግድም 1920 ፒክስል ያለውና 110 ዲግሪ የሚያይ ካሜራ እንውሰድ። በ5 ሜትር ርቀት የሚያየው ስፋት ከ14 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ስለዚህ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 134 ፒክስል ያህል ብቻ ነው። ጎረቤታችንን እንለያለን፤ ያላወቅነውን ሌባ ግን ፊቱን ለይተን ማሳየት አንችልም። 250 ፒክስል የሚገኘው ሰውየው ወደ 2.7 ሜትር ሲቀርብ ነው። ያው 1920 ፒክስል 60 ዲግሪ ብቻ በሚያይ ካሜራ ላይ ቢሆን ግን ይኸው ልክ እስከ 6.6 ሜትር ድረስ ይገኛል።

ከዚህ ስሌት የምንማረው ነገር አለ። ለግቢው በር ዐይኑ የጠበበ ካሜራ፣ ለግቢው ሜዳ ደግሞ ዐይኑ የሰፋ ካሜራ ይመረጣል። አሰቃቀሉም ከጣሪያ ጫፍ ላይ ከሆነ የሚገኘው የሌባው ቆብ ነው እንጂ ፊቱ አይደለም። ዝናብና አቧራን በሚመለከት፣ አይ ፒ 65 ወይም አይ ፒ 66 የሚል ቊጥር ያለበት ለደጅ ይሆናል፤ 6ቱ አቧራ እንደማይገባበት፣ ቀጥሎ ያለው ቊጥር ደግሞ የሚረጭ ውኃን መቋቋሙን ያመለክታል።

4ኛ፤ ያየውን የሚያስቀምጠው የት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የካሜራው መዝገብ የሚቀመጠው ወይም በቤት ውስጥ፣ ወይም ክላውድ በሚባለው የኩባንያ ማከማቻ ነው። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ ያለማቋረጥ ቢቀዳ በቀን 21.6 ጊጋባይት፣ በ30 ቀን 648 ጊጋባይት ይሆናል። ይህን ሁሉ በኢንተርኔት መላክ በጥቅል ዳታ ለሚጠቀም ቤት ሊሸከሙት የማይቻል ወጪ ነው። 128 ጊጋባይት የሆነ ሚሞሪ ካርድ ግን ስድስት ቀን ያህሉን ይዞ፣ ከዚያ አሮጌውን እየደመሰሰ አዲሱን ይመዘግባል። ሌባው ካሜራውን ነቅሎ ቢወስደው ካርዱም አብሮ ይሄዳልና፣ መቅጃውን በቤት ውስጥ በተሸሸገ ስፍራ ማድረግ ከሁሉ የበለጠ ነው።

የወርሃዊ ክፍያም ጉዳይ አለ። አንዳንድ ካሜራዎች ክፍያ ካልተፈጸመላቸው በቀጥታ ያሳያሉ እንጂ ያዩትን አያስቀምጡም፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ካሜራ ሲልክ ይህ ክፍያ በየወሩ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አስቀድሞ መነጋገር መልካም ነው። የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ስለሆነም በቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሕፈት መኖሩ ይታይ።

ስለ ምስጢር መጠበቅ ደግሞ ያለፈው ታሪክ አስተማሪ ነው። በ2016 ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ማርኮ ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን አወከ። በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ሪንግ የተባለው ኩባንያ ሠራተኞቹ የደንበኞችን የቤት ውስጥ ቪዲዮ እንዲያዩ መንገድ ከፍቷል ብሎ ከሰሰው፤ ኩባንያውም 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በየካቲት 2024 ደግሞ ዋይዝ በተባለው ኩባንያ ስሕተት 13,000 ያህል ሰዎች የራሳቸው ካልሆነ ካሜራ የተነሣ ሥዕል ደረሳቸው። ስለዚህ ካሜራው በተተከለ ዕለት የይለፍ ቃሉን መለወጥ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ በስልክ እንዲጠይቅ ማድረግና ፋብሪካው የሚልከውን ማሻሻያ መቀበል ግዴታ ነው። ማሻሻያ የማይልክ ፋብሪካ ዕቃው ቢረክስም አይገዛም።

5ኛ፤ በካሜራው ስለሚታዩት ሰዎች

ካሜራው የሚያየው ሌባን ብቻ አይደለም። ሌባ በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው፤ በቀሩት ቀኖች ሁሉ የሚቀረጹት እናት፣ እኅት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ዘበኛና እንግዳ ናቸው። ሕገ መንግሥታችን በ26ኛው አንቀጽ የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠርም የግል ዳታ ጥበቃን የሚመለከት አዋጅ ቊጥር 1321 ወጥቷል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ጨዋነት አለ። የቤት ሠራተኛ በምትተኛበት ክፍል ካሜራ መትከል ጥበቃ ሳይሆን ነውር ነው። ካሜራ የተተከለበትን ስፍራ ለቤተ ሰቡና ለሠራተኞቹ ሁሉ መንገር ያሻል። የጎረቤትም ግቢ በሥዕሉ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ካሜራውን ማዞር፣ ወይም ያንን ስፍራ የሚሸፍን ትእዛዝ ያለውን ካሜራ መምረጥ ይገባል።

ለጎረቤት መጠንቀቅ ለራስም ጥቅም አለው። ካሜራ ያያል፤ ይናገራል፤ ነገር ግን ሮጦ ሌባ አይዝም። ባለቤቱ በሥራ ቦታው ሆኖ ስልኩ ሲጮኽ መጀመሪያ የሚደውለው ለጎረቤቱ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የተባለው ለዚህ ነው። በካሜራው የተቀየመ ጎረቤት ግን በዚያች ሰዓት ስልኩን አያነሣ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ይህን በቅደም ተከተል ይጠይቅ፤ ኃይሉን ከየት ያገኛል? ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይመዘግባል ወይ? መዝገቡ በማን እጅ ይቀመጣል? ከስማርት ሆሙ ጋር ሲገናኝ በእውነት ምን ምን ያዝዛል? የፒክስሉ ብዛት ከእነዚህ በኋላ ይምጣ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ በቊጥር ብዛት ተማርኮ የቸኮለ ሰው መብራት በጠፋች ሌሊት የሚታወር፣ መብራት ባለባት ቀን ደግሞ የቤቱን ምስጢር ለማያውቀው ሰው የሚያሳይ ዓይን ገዝቶ ይገባል። ጠይቆና ፈትኖ የገዛ ግን ነቅቶ የሚያድር፣ ያየውንም ለቤቱ ባለቤት ብቻ የሚናገር ጠባቂ ያገኛል።