በያጁ ቀራፂ ዴቪድ ስሚዝ

ዴቪድ ስሚዝ ብየዳ የተማረው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1906 ኢንዲያና ውስጥ የተወለደው ይህ አሜሪካዊ፣ በ1925 በስቱድቤከር መኪና ፋብሪካ ተቀጥሮ ለጥቂት ወራት ብረት ሲበይድና ሪቬት ሲመታ ከረመ። በቀጣዩ ዓመት ኒውዮርክ የገባው ግን ሠዓሊ ለመሆን ነበር።

ሐሳቡን ያስቀየረው አንድ መጽሔት ነው። ፒካሶና ሁልዮ ጎንዛሌዝ ብረት እየበየዱ የሠሯቸውን ምስሎች በፎቶ ሲያይ፣ ለደመወዝ ሲል የለመደው ሙያ ለጥበብም እንደሚሆን ገባው። ድንጋይ የሚጠርብ ቀራፂ ከድንጋዩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ነሐስ የሚያፈስሰው አስቀድሞ በጭቃ ወይም በሰም ቅርጹን ይጨርሳል። በያጅ ግን እየጨመረ ያስባል፤ ያልጣመውን ቆርጦ ይጥልና ሌላ ይገጥማል።

ስለዚህ ስቱዲዮ ሳይሆን ወርክሾፕ ፈለገ። ብሩክሊን ወደብ አጠገብ "ተርሚናል አይረን ወርክስ" በተባለ የብረታ ብረት ቤት ቦታ ተከራይቶ ከሠራተኞቹ መሐል ገባ። በ1940 ጠቅልሎ ወደ ቦልተን ላንዲንግ፣ ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን ወዳለ ተራራማ ገጠር ሲሄድም ስሙን ይዞት ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ ፋብሪካ ገብቶ ለሎኮሞቲቭና ለታንክ ሥራ ይበይድ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የወርክሾፑን ወለል ነጭ ቀለም ይቀባል። ቁርጥራጩን ብረት እዚያ ላይ ዘርግቶ አንዱን ገፋ፣ ሌላውን ገልበጥ ያደርጋል። ልቡ ሲረካ በይዶ ያቆመዋል።

በ1962 ጣሊያን ስፖሌቶ ለሚካሄደው ፌስቲቫል አንድ ሁለት ሥራ እንዲያበረክት ተጠየቀና ጄኖቫ አጠገብ፣ ቮልትሪ ውስጥ፣ ሥራ ያቆመ ፋብሪካ ተሰጠው። ጉጠቱ፣ የጋሪ ጎማው፣ የላሜራ ቁራጩ እንደተጣለ ነበር። ምናለሽ ተራ የሚመላለስ ሰው ደስታው ይገባዋል። በ30 ቀን 27 ቅርጽ ሠራ! ጣሊያናውያን ሠራተኞች አግዘውታል፤ ቢሆንም ቁጥሩ ያስደነግጣል። ብዙዎቹ በስፖሌቶ ጥንታዊ የሮማውያን ቲያትር ደረጃዎች ላይ ተደረደሩ። እሱ ግን አልበቃውም፤ የተረፈውን መሣሪያና ብረት አስጭኖ ወደ አገሩ ወሰደ።

በእኔ ግምት የሥራው ቁንጮ "ኩቢ" የተባሉት 28 ቅርጾች ናቸው። ውስጣቸው ባዶ የሆነ የእስቴንለስ ስቲል ሳጥኖች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ ተሰክቶ፣ አሁን ወደቀ በሚያሰኝ ሁኔታ ይቆማል። አቀማመጡን አስቀድሞ የሚሞክረው በባዶ የመጠጥ ካርቶን ነበር። ሠዓሊነቱ ደግሞ ፊታቸው ላይ ይታያል፦ በግራይንደር እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጭረት አልብሷቸዋል። ጭረቱ ብርሃን ይበትናል፤ ብረቱ ፀሐይ ሲወጣ ወርቃማ፣ ሲደምን ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ነው መታየት ያለባቸው።

በ1965 ቬርሞንት ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ፤ 59 ዓመቱ ነበር። ሥራዎቹን እንዲያስተዳድሩ ከተሾሙት አንዱ፣ ታዋቂው ሃያሲ ክሌመንት ግሪንበርግ፣ የስሚዝን ቀለም ብዙም አይወድለትም ነበር። በእነዚህ ሰዎች እጅ ሳሉ የአንዳንዶቹ ቅርጾች ቀለም ተፋቀ። በ1974 የሥነ ጥበብ ሃያሲዋ ሮዛሊንድ ክራውስ ጉዳዩን ጽፋ ስታወጣ የጥበቡ ዓለም ተናወጠ። አላወቅንም ማለት ደግሞ አይቻልም፤ ስሚዝ በሕይወት ሳለ፣ በ1960፣ ቀይ ቀለሙ የተገፈፈበትን አንድ ቅርጽ ከእንግዲህ የእኔ ሥራ አይደለም ብሎ በይፋ ክዶታል።