የዘመመ ፕሪዝም ስንት ላሜራ ይፈጃል?

ባለ ሦስት ማዕዘን ፕሪዝም ቀጥ ብሎ ሲቆም ሥራው ቀላል ነው፤ የመሠረቱን ዙሪያ በከፍታው ማባዛት። ሲዘም ግን ጎኖቹ ፓራሌሎግራም ይሆናሉ፤ ያውም የየራሳቸው ቁመት ያላቸው።

መሠረቱ 3፣ 4 እና 5 ሜትር፣ የጎን ጠርዙ 10 ሜትር ይሁን። ወደ 4 ሜትሩ ጎን አቅጣጫ ዘምሞ ከፍታው 8 ሜትር ቀረ እንበል። በ3ቱ ላይ ያለው ገጽ ሬክታንግል እንደሆነ ይቆያል፤ 30 ካሬ ሜትር። በ4ቱ ላይ ያለው፣ 4 × 8 = 32።

ሰው የሚሳሳተው 5ቱ ላይ ነው። ገጹ ራሱ ስላጋደለ ቁመቱ 8ም 10ም አይደለም። ጠርዙና 5ቱ ጎን የሚሠሩት ማዕዘን 61.3 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሳይኑ 0.877። ስለዚህ 5 × 10 × 0.877 = 43.9።

የጎኖቹ ድምር 105.9 ካሬ ሜትር። በ12 × 8 ሒሳብ ላሜራ የገዛ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይጎድለዋል፤ በ12 × 10 የገዛ ደግሞ 14 ያህል ይተርፈዋል። ክዳንና ወለሉ ግን ዘመመም አልዘመመም 6፣ 6 ናቸው።