72 ሰዓት፦ ያለ ፈቃድ ሆስፒታል ስለ መቆየት የተሳሳቱ ግንዛቤዎች

አንድ ሰው ያለ ፈቃዱ ወደ አእምሮ ሕክምና ተወሰደ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያውኑ «አበደ» ብለን እንደመድማለን። በአዲስ አበባ «አማኑኤል ገባ» የሚለው አነጋገር ራሱ እንደ ፍርድ ይቆጠራል። ለመሆኑ አንድ ሰው ነገ ራሱን ወይም ሌላውን እንደሚጎዳ ዛሬ በእርግጠኝነት ማወቅ ይቻላልን? ጥያቄው የልኬት ጥያቄ በመሆኑ ከፊዚክስ ሙያችን እጅግ የራቀ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ በአሜሪካ የካሊፎርኒያን ግዛት ሕግ በምሳሌነት እንመለከታለን።

ሕጉ ምን ይላል?

በካሊፎርኒያ «5150» የሚለው ቁጥር በመንገድ ላይ «እብድ» ለማለት ይነገራል። በእርግጥ ግን የሕግ አንቀጽ ቁጥር ነው። መነሻውም አገረ ገዥው ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. የፈረሙት የላንተርማን-ፔትሪስ-ሾርት ሕግ ነው። አንድ ሰው በዚህ አንቀጽ የሚያዘው በአእምሮ ሕመም ምክንያት ለራሱ ወይም ለሌሎች አደገኛ ሲሆን፣ አለዚያም ምግቡን፣ ልብሱንና መጠለያውን ማሟላት ሲሳነው ነው። ሦስተኛው መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. በወጣ ማሻሻያ ሰፍቶ ከባድ የሱስ ሕመምንም አካትቷል።

ስለ ሕጉ የሚነገሩ ስህተቶች ብዙ ናቸው። 72 ሰዓት የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የቅጣት ዘመን አይደለም፤ ባለሙያው መቆየት አያስፈልገውም ካለ ሰውየው ቀድሞ ይወጣል። መያዙም የወንጀል ክስ አይደለም። ቤተሰብ ስለ ጠየቀ ብቻ ማንም አይያዝም፤ ሥልጣኑ የፖሊስና ካውንቲው የመደባቸው ባለሙያዎች ነው። የተያዘ ሰው ሁሉ መድኃኒት በግድ ይሰጠዋል ማለትም አይደለም፤ ድንገተኛ አደጋ ካልተከሰተ ወይም የመወሰን አቅም እንደሌለው በችሎት ካልተረጋገጠ የአእምሮ ሕመም መድኃኒትን እምቢ ማለት ይችላል። ከ72 ሰዓት በኋላ እስከ 14 ቀን ሊጨመር ቢችልም፣ ጉዳዩ በ4 ቀናት ውስጥ በግምገማ ችሎት ይታያል።

ሰዓቱ ለምን አጠረ?

እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ። ከ10,000 ሰዎች መካከል 10 ብቻ አደጋ የሚያደርሱ ናቸው እንበል። ከመቶ 90 ጊዜ ትክክል የሚናገር መመርመሪያም አለን እንበል። መመርመሪያው ከ10ሩ 9ኙን ያገኛል። ነገር ግን ከቀሩት 9,990 ሰዎች መካከል 999ኙን በስህተት «አደገኛ» ይላቸዋል። በድምሩ ከተጠቆሙት 1,008 ሰዎች እውነተኞቹ 9 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም! ቁጥሮቹ ለማስረጃ የወሰድናቸው ናቸው፤ ትምህርቱ ግን እውነት ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚከሰትን ነገር አስቀድሞ መናገር፣ መሣሪያው ጥሩ ቢሆንም እንኳ፣ ብዙ ስህተት ያስከትላል።

የዚህ ዓይነቱ ስህተት ገደብ ካልተበጀለት ምን እንደሚያስከትል የኬኔት ዶናልድሰን ታሪክ ያሳያል። ዶናልድሰን እ.ኤ.አ. ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ15 ዓመታት ያህል በፍሎሪዳ ግዛት ሆስፒታል ያለ ፈቃዱ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አደገኛ ያልሆነንና ብቻውን ወይም በወዳጅ ዘመድ እርዳታ በሰላም መኖር የሚችልን ሰው፣ ከመዝጋት ያለፈ ነገር ሳይደረግለት፣ መንግሥት ዘግቶ ሊያስቀምጠው እንደማይችል ወሰነ።

በቤተ ሙከራ የለካነውን ቁጥር ስንጽፍ የስህተቱን መጠን አብረን እንጽፋለን። የ72ቱ ሰዓት ገደብና የግምገማው ችሎትም «ተሳስተን ሊሆን ይችላል» የሚል የሕግ አነጋገር ናቸው። ይህ ማለት ግን ማቆየቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ በጭንቅ ሰዓት ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ውድ አንባብያን፣ ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት ፍርሃት ነው። «ከተናገርሁ ይዘጉብኛል» ብሎ የሚፈራ ተማሪ ጭንቀቱን ለሐኪም ሳይናገር ይቀራል። ከሆስፒታል የተመለሰው ጓደኛችንም የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይልቁን የጥቃት ሰለባ የሚሆኑበት ጊዜ እንደሚበዛ ሳናስተውል ስንሸሸው ይታያል። ሕጉ በ72 ሰዓት ውስጥ ፍርዱን መልሶ እንዲመረምር ይገደዳል። እኛስ የእኛን ፍርድ መቼ እንመረምራለን?