ለውዱእ የበቃ ውሃ ሁሉ ለመጠጥ ይበቃልን?

ብዛት ያለው ውሃ ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው በነጃሳ ካልተለወጠ ለጦሃራ እንደሚበቃ ተምረናል። ከዚህ ተነስቶ «የጠራ ውሃ ሁሉ ይጠጣል» ማለት ግን ትክክል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተከሰተውን አተት የመሰለ በሽታ የሚያመጣው ተህዋስ በዓይን አይታይም፤ ጣዕምም የለውም።

ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር፣ ቧንቧው ባዶ ሲሆን በስንጥቁ ቆሻሻ ሊገባ ይችላል። ያልታጠበ ሮቶና ጀሪካንም ውሃውን ይበክላል። ስለዚህ የቤት ማጣሪያ ይጠቅማል፤ አያያዙን ለሚያውቅ ግን ነው።

ባለ ሁለት ባልዲውን የሸክላ ማጣሪያ ከወለል ከፍ ባለ ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጡ። ሸክላውን ከነጎሚኒው በደንብ አጥብቁት፤ ከላላ ውሃው ሳይጣራ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ዙር ውሃ ድፉት። አወራረዱ ሲዘገይ እጃችሁን ታጥባችሁ ሸክላውን በንጹህ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ እሹት፤ ሳሙና አይንካው። ከተሰነጠቀ ይቀየር። የታችኛውን ባልዲና የመቅጃውን አፍም እጠቡ፤ አለዚያ የተጣራው ውሃ እዚያው ተመልሶ ይበከላል።

ሸክላው ቫይረስን ሁሉ አያስቀርም። በተለይ ለሕፃናትና ለሕሙማን የተጣራውን አፍሉት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ስለምትበልጥ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዕቃ እንዲከደን አዘዋል። የተጣራውን ክደኑት፤ ጣሳም አይነከርበት። የልጆቻችን ጤና አማና ነውና አላህ (ሱ.ወ) ያግዘን።