በሰው ጫንቃ ላይ የቆመች ቤተ ክርስቲያን

ለዛሬ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ስላለች ሳን ሁዋን ካፒስትራኖ ስለምትባል ጥንታዊት የካቶሊካውያን ቤተ ክርስቲያን ላውጋችሁ። ዘመኑን የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ያን ጊዜ ካሊፎርኒያ በስፔን ንጉሥ ሥር ነበረች። ሚስዮኑን ኖቬምበር 1 ቀን 1776 ዓ.ም. የመሠረቱት ሁኒፔሮ ሴራ የተባሉ የፍራንቸስካውያን መነኩሴ ናቸው። የአገሩ ተወላጆች አሃቸሜን ይባላሉ፤ ብዙዎቹም ተጠምቀው ወደ ሚስዮኑ ገቡ። ከገቡ በኋላ ግን ያለ ፈቃድ ወጥቶ መሄድ አልተቻለም። የኮበለለውን ወታደር ፈልጎ ይመልሰዋል፤ ግርፋትም ነበር። በነዚያ ሚስዮኖች ያላገቡ ልጃገረዶች ሌሊት በር ተቆልፎባቸው ያድሩ ነበር። እኅቶቼ፣ ወንጌል በፍቅር ይሰበካል እንጂ በቁልፍ አይጠበቅም።

በ1797 ዓ.ም. ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን መታነጽ ጀመረ። ኢሲድሮ አጊላር የተባለ ግንበኛ ከሜክሲኮ መጣ፤ ሥራው ሳያልቅ በ1803 ዓ.ም. ዐረፈ። ድንጋዩን በበሬ ጋሪና በጫንቃቸው ያመላለሱት ግን ተወላጆቹ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ደክመው በ1806 ዓ.ም. ፈጸሙት። በመስቀል ቅርጽ የታነጸ፣ የደወል ግንብ ያለው፣ እጅግ ያማረ ሕንፃ ሆነ።

ዕድሜው ግን ስድስት ዓመት ብቻ ነበር። ዲሴምበር 8 ቀን 1812 ዓ.ም. ጧት፣ ሕዝቡ ለቅዳሴ እንደ ቆመ፣ ምድር ተናወጠች። ጣሪያው በላያቸው ወርዶ አርባ ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከነሱም መካከል ደወል ይደውሉ የነበሩ ሁለት ልጆች ይገኛሉ። የሞቱት በብዛት ድንጋዩን ያመላለሱት ተወላጆችና ልጆቻቸው ነበሩ።

ትልቁ ሕንፃ ዳግመኛ አልታነጸም፤ ፍርስራሹ እስከ ዛሬ ቆሟል። በአጠገቡ ያለችው፣ በጭቃ ጡብ የተሠራችው ትንሿ ጸሎት ቤት ግን ተርፋ አሁንም ይቀደስባታል። የአሃቸሜን ልጆችም ዛሬ በዚያው አካባቢ ይኖራሉ።

ሴራን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2015 ዓ.ም. ቅዱስ ብላ ሰየመቻቸው፤ የተወላጆቹ ልጆች ብዙዎቹ ግን የአባቶቻቸውን ሥቃይ አስታውሰው ተቃወሙ። የመሥራቹ ስም ይጠራል፤ የግንበኛውም ይጠራል፤ ድንጋይ የተሸከሙት ሴቶችና ወንዶች ግን በስማቸው ብዙ አይነሡም።

እኅቶቼ፣ በሰው ቤት የምትደክሙ፣ ምናልባትም በር ተቆልፎባችሁ የምታድሩ፣ ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑ አይደለም። ሕንፃው ሲመሰገን የተሸካሚው ድካም ይረሳል፤ ክቡሩ የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ግን ሰው ራሱ ነው። በሰው ዘንድ ያልተጻፈ ስም በእርሱ ዘንድ አይጠፋም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።