ደንም ይራባል

ከነቀምቴ ወጥቶ በጉቶ ጊዳ ኮረብታዎች መካከል የሚጓዝ ሰው፥ ዝናሙን ሲያይ የማይነጥፍ፥ ልምላሜውንም ሲያይ የማይጠወልግ ስለሚመስለው፥ በዚህ ምድር ላይ የቆመ ዛፍ በረኀብ ሊከሳ ይችላል ቢሉት ለማመን ይቸግረዋል። ሆኖም ብዙ ጊዜ ተቈርጦ ብዙ ጊዜ ካቈጠቈጠ የባሕር ዛፍ አጠገብ ቆሞ ቢመረምር፥ የቅጠሉ መልክ ገርጥቶ፥ ቁመቱ አጥሮ፥ ከሥሩም መሬቱ እንደ ተጠረገ የቤት ወለል ራቁቱን ቀርቶ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ይህን ያህል ዝናም የጠገበ ዛፍ ምን ጐደለበት?

ምሥጢሩ ያለው በቀዩ አፈር ውስጥ ነው። በወለጋ ለዘመናት የወረደው ዝናም ካልሲየምን፥ ማግኒዥየምንና ፖታሲየምን ከአፈሩ እያጠበ ወስዶ አሲድነቱን አበርትቶበታል፤ የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድም አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን ይጎዳል፥ ፎስፎረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተቈራኝቶ፥ ጎተራው ሞልቶ ሳለ በሩ እንደ ተቈለፈበት እህል ለዛፉ ሳይደርሰው ይቀራል።

በነቀምቴ አቅራቢያ እንዳለው እንደ ኮምቶ ያለ የተፈጥሮ ደን ግን ማንም ማዳበሪያ ሳይጨምርለት ዘመናትን የሚኖረው፥ ከሀብቱ ብዙውን በራሱ አካልና ከሥሩ በተነጠፈው ቅጠል ውስጥ ስለሚያኖር ነው። የወደቀው ቅጠል በምስጥና በሻጋታ ፈርሶ ወደ ሥሩ ይመለሳል፥ ከሥሩም እንደገና ወደ ቅጠል ይወጣል፤ ከመሬት የተወሰደው ወደ መሬት የሚመለስበት ሕገ ፍጥረት በዐይን የሚታየው በዚህ ነው።

ይህን ዑደት የሚያቋርጠው የሰው እጅ ነው። ግንዱ ለአጣና ሲሄድ፥ ቅጠሉና ጭራሮው ለምጣድ ይጠረጋል፥ ኩበቱም ይነድዳል። ንጥረ ነገሩ ከእንጨቱ ይልቅ በቅጠሉና በልጡ ውስጥ ስለሚከማች፥ ቅጠሉን የጠረገ ሰው በክብደቱ ከሚገመተው በላይ የዛፉን ምግብ ወስዷል።

የጀርመን ገበሬዎችም ለከብቶቻቸው ጕዝጓዝ ሲሉ ለብዙ ዘመን የደኑን ቅጠል እየጠረጉ በመውሰዳቸው ምድሩ ደኸየ፤ የፋብሪካ ጢስ ያመጣው አሲዳማ ዝናም በተጨመረበት ጊዜ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ፥ በተራሮቻቸው ላይ የቆሙት መርፌ መሰል ቅጠል ያላቸው ዛፎች ቢጫ ሆኑ። ሊቃውንቱ የጐደለው ማግኒዥየም መሆኑን መርምረው በተረዱበት ስፍራ፥ ማግኒዥየም ያለበትን ኖራ በሄሊኮፕተር በትነው የዛፎቹን አረንጓዴነት መለሱ።

ስለዚህ ከማዳበሪያው ምርመራው ይቀድማል። አሮጌው ቅጠል ወጥ ሆኖ ቢጫ ሲሆን ናይትሮጅን፥ በጅማቶቹ መካከል ብቻ ቢጫ ሲሆን ማግኒዥየም፥ ለጋው ጫፍ ደርቆ ከጐኑ ብዙ ቅርንጫፍ ሲፈላ ቦሮን መጉደሉን ያመለክታል። ድርቅና ተባይም ይህን መልክ ሊያመጡ ይችላሉና፥ ከጤናማውም ከታመመውም ዛፍ ቅጠልና አፈር ወስዶ፥ በነቀምቴ እንዳለው ባለ የአፈር ላቦራቶሪ ማስተያየት ይገባል። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር ለምነት ካርታ ሥራም በብዙ ማሳዎች ላይ ዳፕና ዩሪያ የማይሰጧቸው ሰልፈርና ቦሮን ጐድለው መገኘታቸውን አሳይቷል።

መድኃኒቱም ልክ አለው። ቦሮን ለአንድ ዛፍ ጥቂት ግራም ይበቃዋል፥ ሲበዛ መርዝ ነው፤ ያለ ልክ የተበተነ ዩሪያም ጅረቱን ያበላሻል እንጂ ፎስፎረስ ያጣውን ዛፍ አይፈውስም። አሲዱን ኖራ ያለዝበዋል፤ ናይትሮጅንንም ሰሳና ብርብራ በሥራቸው ከሚኖሩት ረቂቃን ፍጥረታት ጋር ሆነው ከአየር ያመጡታል።

በወንጌሉ ምሳሌ ጌታው ፍሬ ያጣባትን በለስ ሊያስቈርጣት ባሰበ ጊዜ፥ አትክልተኛው ዙሪያዋን ሊኰተኵትላትና ፍግ ሊያፈስላት የአንድ ዓመት ዕድሜ ለመነላት። የወለጋም ገበሬ ይህን ጥበብ ያውቀዋል፤ የከብቱን በረት ከቦታ ወደ ቦታ እያዛወረ፥ ላሞቹ ባደሩበት ምድር በቆሎ ሲዘራ ኖሯል። እናቶች ማገዶ ቈጣቢ ምድጃ አግኝተው ከቅጠል ለቀማ ቢያርፉ፥ ገበሬውም አጣናውን ተሸክሞ ሲሄድ ቅጠሉንና ልጡን በጉቶው ዙሪያ ቢተውለት፥ ለማሳው ያልነፈገውን ለዛፉም ሰጠው ማለት ነው፤ ያ ጉቶም በሚመጣው ክረምት የሚያቈጠቍጠው ከራሱ ማዕድ በልቶ ይሆናል።